የአባቴን የሆድ ባክቴሪያ ጨርሼ ላጥፋው?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። አባቴ የ63 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ኪኒን ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ‹የጨጓራ ባክቴሪያ አለብዎት› ተብለው መድኃኒቱን ወስደው ጨርሰዋል። ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ‹የሆድ ባክቴሪያ የልብ በሽታ ያመጣል› የሚል ነገር ከስልኩ አነበበላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። በደም ተመርምረው ባክቴሪያው አሁንም አለ ስለተባሉ፣ የያኔውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ ገዝተው ሊደግሙት ነው። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ‹ጥሩ ባክቴሪያ› ያለበት እንክብል ልልክ ነው ስላለቻቸው ደግሞ እሱ ሲደርስ የግፊቱን ኪኒን እተወዋለሁ ይላሉ። ሁዳዴም ደርሷል። ጾሙ ለልባቸው ይበጃል ወይስ ይጎዳቸዋል? ለቅበላም ‹ቁርጥ ግዢልኝ› ብለውኛል። ምን ልመልስላቸው? የመምህሩ ልጅ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽውን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ሁለቱ ነገሮች ግን ለነገ የሚባሉ አይደሉምና ዛሬ ማታውኑ ንገሪያቸው። የግፊቱንም ሆነ የኮሌስትሮሉን ኪኒን አንድ ቀን እንኳ አያቋርጡ። የባክቴሪያ መድኃኒቱንም ያለ ማዘዣ አይግዙ። እንክብሉ መጣም ቀረም፣ የደም ግፊት መድኃኒትን የሚተካ የባክቴሪያ እንክብል እስካሁን የለም። የቀረውን ነገ ቡና ሲፈላ ታነቢላቸዋለሽ።

አባትሽ አስተማሪ ናቸውና ምክንያቱን ሳይረዱ «ተዉ» ቢባሉ እሺ የሚሉ አይመስለኝም። ስለዚህ ከሥሩ ልነሳ።

በመጀመሪያ ስሙን እንለየው። እኛ አገር «ባክቴሪያ አለብኝ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አንዲት ዘር ብቻ ነው፤ ስለ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ። የምትኖረው በጨጓራ ሽፋን ላይ ነው፤ የጨጓራ ቁስለት እንደምታመጣ ያረጋገጡት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። የወንድምሽ ልጅ ያነበበው ግን ስለ እሷ አይደለም። እሱ የሚያወራው ከጨጓራ በታች ርቀው በትልቁ አንጀት ውስጥ ስለሚኖሩት ነው። እነዚያ አንድ ዘር ሳይሆኑ ብዙ መቶ ዘሮች ናቸው፤ በአንድ ሰው አካል ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል፤ ይህም ከራሳችን ሕዋሳት ቁጥር ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ከሕፃንነታችን ጀምረው አብረውን ያሉ ነዋሪዎች ናቸው። አባትሽ ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የፈሩት፤ ስሙ አንድ ሆኖ እንዲህ ሲያደናግር ማንም ይሳሳታል።

የደም ምርመራውም እንዲሁ ያሳስታል። በደም የሚታየው ባክቴሪያዋ ራሷ ሳትሆን ሰውነት እሷን ለመዋጋት ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ባክቴሪያዋ ከጠፋች በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴ ለዓመታት፣ በደም ውስጥ ይቆያል። ከሁለት ዓመት በፊት ታክመው ከሆነ፣ ዛሬ በደም «አለ» መባላቸው በሽታው ላለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም። መዳን አለመዳናቸው የሚታወቀው በሰገራ ወይም በትንፋሽ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ እሱም ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለው የጨጓራ እንክብል ከቆመ ደግሞ ከ2 ሳምንት በኋላ። ጨጓራቸውን አሁንም የሚያማቸው ከሆነ ሐኪማቸውን «በሰገራ ይታይልኝ» ይበሉ። የማያማቸው ከሆነም የደም ውጤቱን ይዘው አይጨነቁ።

አሁን ወደ ትልቁ አንጀት እንውረድ። ይህን ለማስረዳት ከቤታችሁ ቡሀቃ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ገልጠሽ ለአባትሽ አሳያቸው። ሊጡ ወደ ታች ተኝቶ ከላይ ቢጫማ ውኃ ቋጥሯል፤ ዳር ዳሩ ላይ አረፋ አለ፤ ጆሮ ቢያስጠጉት ሲንሾካሾክ ይሰማል። ሽታው ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጤ የጨመረበት ግን የለም። ካለፈው ቡኮ በእርሾው የተሻገሩትና ከዱቄቱ ጋር የመጡት ረቂቅ ፍጥረታት የጤፉን ስኳር እየበሉ አሲድና አየር አወጡ። ያ አየር ነው ምጣዱ ላይ የእንጀራ ዓይን የሚሆነው።

ትልቁ አንጀትም ቡሀቃ ነው። ሙቅ፣ ጨለማ፣ አየር የማይገባው። እኛ ልንፈጨው ያልቻልነው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው፣ ሳይነካ እስከዚያ ይወርዳል። እዚያ ባክቴሪያዎቹ ያቦኩታል። ከዚያ ቡኮ ሦስት ዋና ዋና አሲዶች ይወጣሉ፤ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡታይሬት። ቡታይሬት የአንጀቱን ግድግዳ ለሸፈኑት ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ነው። እሱ ሲበዛ ግድግዳው ይጠነክራል፤ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ሾልኮ አይገባም። ስብርባሪው ወደ ደም በገባ ቁጥር ሰውነት ይቆጣል፤ እንዲህ ያለው ለዓመታት የማይበርድ የውስጥ ቁጣ ደግሞ በልብ ደም ሥሮች ውስጥ ስብ እንዲጋገር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። አሲዶቹ በደም ተሰራጭተው በኩላሊትና በደም ሥር ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር እየተገናኙ የደም ግፊትን ሲነኩም በአይጦች ላይ ታይቷል።

አሰር ሲጠፋስ? ቡሀቃ ውስጥ ዱቄት ካልተጨመረ እርሾው ይሞታል። አንጀት ውስጥ ግን ባክቴሪያዎቹ ሌላ የሚበሉት ይፈልጋሉ። አሰር በተነፈጉ አይጦች ላይ የታየው፣ ባክቴሪያዎቹ የአንጀቱን ግድግዳ የሚጠብቀውን የንፍጥ ሽፋን ራሱን ወደ መብላት ሲዞሩ ነው። አባትሽ በጠላትነት የፈረጇቸው እነዚህ ፍጥረታት ጠላት የሚሆኑት ሲራቡ ነው እህቴ፤ አለበለዚያም የማይሆን ነገር አብዝተን ስናበላቸው።

ይኸኛው የወንድምሽ ልጅ ያነበበው ክፍል ነው፤ እውነትነት አለው። በቀይ ሥጋ ውስጥ ካርኒቲን የሚባል፣ በእንቁላል አስኳልና በጉበት ውስጥ ደግሞ ኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች እነዚህን ሲበሉ ትራይሜቲላሚን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ የቆየ ዓሣ የሚሸተው በእሱ ነው። ጋዙ በደም ጉበት ይደርሳል፤ ጉበት ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. ወደሚባል ነገር ይቀይረዋል፤ በመጨረሻ ኩላሊት በሽንት ያወጣዋል። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ የሚሠሩት ስታንሊ ሄዘንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ ነገር ከልብ ደም ሥር በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። በ2013 ደግሞ የልብ ደም ሥራቸውን ሊመረመሩ የመጡ 4,007 ሰዎችን ለ3 ዓመት ተከታትለው አንድ ነገር አገኙ፤ ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. በደማቸው ውስጥ በጣም ከፍ ያለባቸው ሰዎች፣ በጣም ዝቅ ካለላቸው ይልቅ ልብ ድንገት የመመታት፣ ስትሮክ የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ገደማ ነበር። በኋላም ይህ ነገር የደም አርጊ ሕዋሳትን እያስቆጣ ደም ቶሎ እንዲረጋ እንደሚያግዝ ታየ።

የዚያው የ2013 ጥናት ሌላ ውጤት ግን ለአባትሽ ዕቅድ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ለጤነኛ ሰዎች ኃይለኛ ፀረ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. ማምረታቸው ቀጥ አለ። መድኃኒቱ ሲቆም ተመለሰ። ባክቴሪያን በመድኃኒት ማጥፋት እንግዲህ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ካልሆነ ውጤቱ የጥቂት ሳምንት ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ይመለሳሉ፤ ሲመለሱም አንዳንድ ጠቃሚ ዘሮች ለወራት ሳይታዩ ይቀራሉ።

ከዚህ የሚብስም አለ፤ እባክሽ ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ አንብቢላቸው፣ እንዳይደነግጡ። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። በዴንማርክ 4,373 የልብ ደም ሥር ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ይህንኑ መድኃኒት ለ2 ሳምንት የወሰዱት ሰዎች ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ በቀጣዮቹ 3 ዓመታት በልብና በደም ሥር በሽታ ብዙ ሞቱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2018 ለልብ ሕሙማን ሲታዘዝ ጥንቃቄ እንዲደረግ አስጠነቀቀ። በዚያ ላይ ክላሪትሮማይሲን እንደ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን ካሉት የኮሌስትሮል ኪኒኖች ጋር ሲገናኝ ጡንቻን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ግፊቱን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። እንዲህ ስል ሐኪም መርምሮ ሲያዝ መድኃኒቱ አይወሰድ ማለቴ አይደለም። ያኔ ሐኪሙ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ አይቶ ያስተካክላል። ከመድኃኒት ቤት መስኮት ሲገዙት ግን ይህን የሚጠይቃቸው ላይኖር ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስላሉ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አገራችን ውስጥ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ። «ፀረ ባክቴሪያ ለአንጀት መጥፎ ነው» ብላችሁ ያን መርፌ እንዳታቆሙ። የናንተ ነገር ሌላ ነው፤ መርፌው ልባችሁን ዳግም ከመጎዳት የሚጠብቅ ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ስለ ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. የነገርኩሽን ይዘሽ እንቁላልና ዓሣ ከቤት እንዳታስወጪ። ኮሊን ለሰውነት ግድ የሚያስፈልግ ነው። ዓሣ ራሱ ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. ይዞ ይመጣል፤ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ልብ ግን በዚህ ምክንያት ሲጎዳ አልታየም፤ የጣና ዓሣ ሲገኝ ይብሉ። ሳይንቲስቶቹም አሁን ድረስ የሚከራከሩበት ነገር አለ፤ ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. ከፍ የሚለው ራሱ ስለሚጎዳ ነው ወይስ ኩላሊት ሲደክም ማስወጣት ስላቃተው? ለአባትሽ ከዚህ ክርክር የሚተርፈው፣ ግፊት ኩላሊትን የሚጎዳ ስለሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ የኩላሊት ምርመራ፣ ክሪያቲኒን የሚባለውን፣ እንዲታይላቸው መጠየቅ ነው። ሐኪሙን ስታገኙ አስፕሪን ይወስዱ እንደሆነም ተናገሪ፤ አስፕሪንና የጨጓራ ባክቴሪያ አንድ ላይ ሲሆኑ ጨጓራ ሊደማ ይችላል። ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጨጓራንም ይጎዳል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

ስለ ሁዳዴ ስትጠይቂኝ ደስ ነው ያለኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ አንድ ጥናት 10 ሰዎች ለ5 ቀን የእንስሳት ተዋፅዖ ብቻ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለ5 ቀን እህልና አትክልት ብቻ በሉ። የአንጀታቸው ባክቴሪያ ስብጥር አዲሱ ምግብ አንጀት በደረሰ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተለወጠ። ሥጋ ሲበሉ የሥጋ ወዳጆቹ ዘሮች በዙ፤ እህል ሲበሉ አሰር አቡኪዎቹ። ዓመታት ሥጋ ሳይበሉ የኖሩ ሰዎችም ካርኒቲን ቢሰጣቸው ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. ብዙም እንዳላመረቱ ታይቷል፤ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች በአንጀታቸው ውስጥ አልበዙም ነበርና። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሰው ከጎንደር ገበያ የሚገኘውን እህል በሥርዓቱ ቢበላበት ለአንጀቱ ቡሀቃ እንዴት ያለ ድግስ ነው!

«በሥርዓቱ» ያልኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በጾም ወቅት ብዙ ቤት የማየው ሌላ ነው። ፍርኖ ዳቦ፣ በዘይት የተጠበሰ ብስኩትና ሳንቡሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ በረጋ የፓልም ዘይት የተቁላላ ወጥ። ሥጋ የለበትም፤ ልብን ግን ይጎዳል። የረጋው ዘይት የሚረጋው ልክ እንደ ቅቤ ኮሌስትሮልን የሚያወጣ ስብ ስላለበት ነው። አቅም ከፈቀደ የኑግ ዘይት፣ ካልሆነም ሌላ የማይረጋ ዘይት፣ እሱም በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ እየተለካ።

ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርጂ የምትገዢውን ልንገርሽ። የደምቢያ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ። አንድ ስኒ ሳይሆን አንድ ኩባያ ሙሉ የበሰለ ምስር 15 ግራም ገደማ አሰር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይላል፤ ግማሹን በአንድ ሳህን አልፈሽዋል ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ቀይ ሽንኩርቱ ራሳቸው ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት ዓይነት አሰር አላቸው። ከወገራና ከደባርቅ በኩል የሚመጣውን ገብስ ደግሞ አደራ። ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለው አሰር የሐሞት አሲድን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣዋል፤ ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል፤ በዚህ መንገድ መጥፎው ኮሌስትሮል ይወርዳል። በሶ፣ ቆሎ፣ ያልተፈተገ የገብስ ገንፎ፣ ሁሉም ይሆናል። ተልባም ጥሩ ነው፤ ያለ ስኳር። ጎመኑ እንደሆነ የጾም ወዳጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም አታብዢባቸው። አንጀት ሲለምድ ነው፤ ድንገት ከበዛበት ሆዳቸው ይነፋና «ባክቴሪያው ተነሳብኝ» ይሉሻል።

እንጀራውስ? ሰዎች እንጀራ ቡኮ ስለሆነ «ጥሩ ባክቴሪያ» ይዞ ሆድ ይገባል ይላሉ። አይገባም። ምጣዱ ላይ ያልቃሉ፤ ያን ሙቀት የሚችሉ አይደሉም። የእንጀራ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰሩ አብሮ አለ፤ መቡካቱም የጤፉን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ማለት፣ እንጀራ ለባክቴሪያዎቹ ስንቅ ነው እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። ሕያው ባክቴሪያ ያለው ሳይበስል የሚበላ የቦካ ነገር ውስጥ ነው፤ በፍስክ እርጎ፣ በጾም ስልጆ። እ.ኤ.አ. በ2021 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ሰዎችን ይዞ በተሠራ ጥናት፣ ለ10 ሳምንት የቦካ ምግብ አዘውትረው የበሉት የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት በዛ፤ በደማቸው ውስጥ ያሉት የቁጣ ምልክቶችም ቀነሱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ደስ ይላል ግን። ስለዚህ ከእህትሽ እንክብል ይልቅ እርጎውን እመርጣለሁ። ወተቱን አፍልተሽ፣ ለብ እስኪል አብርደሽ፣ ከዱሮው እርጎ ጨምረሽ አርጊው፤ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያመጣል። አይቡ ደግሞ እሳት ላይ ስለሚወጣ እንደ እርጎው አይቆጠርም።

በስልጆው ላይ ግን የምፈራው ጨው አለ። የጨው ነገር የምር ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ለወጡም፣ ለዳቦውም፣ ለሁሉም። እኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለበት። ሽሮው ሲፈጭ ጨው አለበት። ድስቱ ላይ ደግሞ «ቀመስ አርጊው» ተብሎ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ጨው የበዛበት መኖ የተሰጣቸው አይጦች እርጎን የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች፣ ላክቶባሲለስ የሚባሉት፣ ከአንጀታቸው ጠፉ፤ ግፊታቸውም ወጣ። ባክቴሪያውን ሲመልሱላቸው ግፊቱ ረገብ አለ። ጥቂት ጤነኛ ወንዶች ለሁለት ሳምንት ተጨማሪ ጨው ሲወስዱም ያው ባክቴሪያ ቀነሰ፣ ግፊታቸውም ከፍ አለ። የዓመቱን በርበሬና ሽሮ የምታስፈጭው አንቺ ከሆንሽ፣ የዘንድሮውን ያለ ጨው አስፈጪው። ድስቱ ላይ የምትጨምሪውን ብቻ ትቆጣጠሪዋለሽ።

ኪኒኑ ከጾሙ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ካላቸው እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መቆየቱ ሊያዞራቸው ይችላል፤ ይህን ለሐኪሙም ለንስሐ አባታቸውም ይንገሩ። ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ ካህኑ ያውቁታል።

አንድ ነገር አለ፣ ልተወው አልችልም። አጎቴ ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ማታ መደቡ ላይ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ጨጓራዬ ነው፣ ትናንት የበላሁት ዶሮ ነው» አሉ። ግንባራቸው ላብ ብሎ ነበር፤ ግራ እጃቸውን እያሹ ነበር። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ተልባ በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ እየጠጡ «ተባረኪ» አሉኝ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ የጨጓራ ሽሮፕ ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ልባቸውን ያየ አልነበረም። ሊነጋ ሲል አረፉ። እኛ ደረት ሲያቃጥል ሁሉንም «ጨጓራ» ማለት ለምደናል፤ አባትሽ ደግሞ በጨጓራቸው ላይ ስም የተለጠፈባቸው ስለሆኑ የበለጠ ያሰጋኛል። ደረታቸውን ተጭኖ የሚያስጨንቅ ሕመም ከያዛቸው፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ተልባም አትበጥብጪ፣ እስኪነጋም አትጠብቂ። ቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፤ ስትገቢም «ልባቸው በኢ.ሲ.ጂ.፣ በልብ ምት መመርመሪያው፣ ይታይልኝ» በይ።

ወደ ቅበላው ልምጣ። «አይበሉም» አልልሽም። በዓመት አንዴ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚቋደሱት ማዕድ ነው። የሚጎዳው ሳምንቱን ሙሉ ከጥዋት እስከ ማታ ሥጋ ሲሆን ነው። ቁርጡን ግን በጥብስ ቀይሪላቸው፤ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል፣ ኮሶ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ያመጣል። ጮማውን ነጥለሽ ቀዩን፣ መዳፋቸውን የሚያክል፤ በቅቤ ሳይሆን በትንሽ ዘይት፣ በብዙ ሽንኩርትና በቃሪያ። አጠገቡ ጎመን ይኑር። ሚጥሚጣው ጨው ያለበት ከሆነ ከማዕዱ አንሺው።

ሰኞ ሁዳዴ ሲገባ ጥዋት ግፊታቸውን ለክተሽ ቁጥሩን ጻፊው፤ በየሳምንቱ ሰኞ በዚያው ሰዓት ድገሚው። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 እየደረሰ ወይም እያለፈ ከቆየ ፋሲካን ሳትጠብቂ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ደብተሩን አባትሽ ራሳቸው ቢይዙት ደስ ይለኛል፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ውጤት መመዝገብ ነበርና።